በቀኝ ጎን

ነርሷ ፈዲላን «በቀኝ ጎንሽ ተኚ» ስትላት አክስቷ አሪፋ የሰማችው ሌላ ነገር ነበር። በእነሱ አገር ታማሚን በቀኝ ጎኑ ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ የሚያዞሩት ነፍሱ ልትወጣ ስትቃረብ ነው። የፈዲላ አልጋ ቀኙ ወደ መስኮቱ፣ መስኮቱ ወደ አምባሰል ተራራ፣ ተራራው ደግሞ ወደ ቂብላ ነበር። አሪፋ መቼም ለእንዲህ ያለው ነገር ቀስቃሽ አትፈልግም፤ ሻሿን አጥብቃ በእህቷ ልጅ ጆሮ የመጨረሻውን የእምነት ቃል፣ ሸሃዳን፣ ታሰማ ጀመር።

«ኧረ እማማ፣ ምን ነካዎት!» አለች ነርሷ፣ ከፈዲላ ጎድን ሥር መርፌውን እየነቀለች። «የካንሰሩን መድኃኒት ሆዷ ውስጥ ሞልተነው እኮ ነው። በቀኝ በግራ ስትገላበጥ ሁሉም ጋ ይዳረሳል። ሳይነካው የቀረ ቦታ ካለ በሽታው እዚያው ይተርፋል።»

አሪፋ አፍራ ሻሿን አላላች። ፈዲላ ስትዞር ሆዷ ውስጥ የመድኃኒቱ ውሃ ተንቦጫረቀ፤ የአገራቸው ሐይቅ ንፋስ ሲነካው ዳር ያለውን ድንጋይ እንደሚልሰው ያለ ድምፅ ነበረው። ዞራ ጨርሳ፣ ትንፋሿን ውጣ ተኛች። ውሃው ግን አልተኛም። ብርድ ልብሱ ሥር፣ የጠፋበት ነገር እንዳለ ሁሉ፣ ቀስ እያለ ከወዲህ ወዲያ ይሄድ ነበር። አሪፋ መዳፏን የፈዲላ ሆድ ላይ ጣል አደረገች። ድምፁ መጥቶ ልክ ከመዳፏ ሥር ቆመ፤ ከውስጥም ገፋ አደረጋት። ሸሃዳው ሳታስበው ከአፏ አመለጠ።

ፈዲላ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል፣

«ቀስ ብለሽ አክስቴ» አለች። «ሥራ ላይ ነው።»