ሦስተኛው ሆዲ

ቢ ቲማ ጥቅልሏን በሩ አጠገብ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አኖረችና ሰተት ብላ ገባች። «ሆዲ» አላለችም። ሆዲ ለሰው ቤት ነው፤ የቤት ልጅ በገዛ ደጃፉ ቆሞ «ቤቶች» ሊል ነው እንዴ? እናቷ የሞተችው፣ እሷም የተወለደችው እዚሁ ላሙ ደሴት፣ እዚሁ ቤት፣ ጓዳው ውስጥ ነው።

ከማሊንዲ ጀምሮ መንገዱን ሁሉ የወንድሟን ልጅ የምትለምንበትን ቃል ስታወጣ ስታወርድ ነበር የመጣችው። ባሏን ቀብራ የሐዘን ወራቷን ስትጨርስ የእንጀራ ልጆቿ ፊት ጠቆረባት፤ የቀራት ያ ጓዳ ብቻ ነው። «ፋማው፣ ልጄ፣ ብዙ አልቆይብህም» ልትለው ነው።

ግቢው ውስጥ አንዲት የማታውቃት ሴት ጎንበስ ብላ የድንጋዩን ወለል ታጥባለች። ቀና ስትል ደነገጠችና ትከሻዋ ላይ የወደቀውን ካንጋ ጎትታ ራሷን ሸፈነች።

«ምነው እማማ፣ ሰው ቤት እንዲህ ነው የሚገባው? ራቁቴን ብሆን ኖሮስ?»

«ፋማው የለም?»

«የቱ ፋማው? አሃ፣ ቤቱን የሸጠው ሰውዬ? እሱማ ከሄደ ቆየ፣ ሞምባሳ ገባ አሉ። አሁን የፈረንጆች ነው። እነሱ ለእረፍት ብቅ እስኪሉ እኔ ካድዞ እጠብቀዋለሁ።» ትኩር ብላ አየቻት። «ዘመዱ ነዎት እንዴ?»

ቢ ቲማ ቀና አለች። እናቷ የቻይና ሳህኖቿን የምትደረድርበት የግድግዳ መደርደሪያ ላይ ባዶ ጠርሙሶች ቆመዋል። የጓዳው መጋረጃ ተነስቶ ነጭ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ይታያል። አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ልቧ ስብር አለ። ደግሞም አፈረች፤ የሸጠው እሱ፣ ያልነገራት እሱ፣ ያፈረችው ግን እሷ።

«የለም» አለች። «ቤት ተሳስቼ ነው።»

ካድዞ ሳቀች። «ታዲያ ይሄ ምን ያሳፍራል? የዚህ ከተማ በር ሁሉ አንድ ነው። እኔ ራሴ የመጣሁ ሰሞን ስንቱ ቤት ዘው ብያለሁ መሰለዎት። ግን ሆዲን አይርሱ እማማ፣ በኋላ ሌባ ይሉዎታል። በሉ ይውጡና እንደ ወጉ ሆዲ ይበሉኝ፣ እኔም እንደ ወጉ ላስገባዎ። ሻይ ሳይጠጡማ አይሄዱም።»

«እሺ ልጄ።»

ወጣች። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አሸዋ የጫነ አህያ እስኪያልፍ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«ሆዲ» አለች።

ከውስጥ የብርጭቆ ኳኳታ ተሰማ። ካድዞ ወግ አዋቂ ሆና ዝም ብላለች። ሆዲ እስከ ሦስት ነውና ሦስተኛውን ትጠብቃለች።

«ሆዲ።»

ሦስተኛውን ሳትል ቆም አለች። ይህን ካለች «ካሪቡ፣ ይግቡ» ትባላለች። ገብታ፣ በተወለደችበት ቤት እንግዳ ሆና ሻይ ትጠጣለች። ጠጥታ ስትጨርስም አመስግና ትወጣለች፤ እንግዳ መውጣቱ አይቀርም። ሌላውን ሁሉ በቻለችው ነበር፣ ይህን ግን አልቻለችም።

ጥቅልሏን አነሳችና፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች፣ ወደ ባሕሩ በሚወስደው ቁልቁለት ወረደች። የት እንደምታድር አታውቅም።

መታጠፊያውን ስታልፍ የካድዞ ድምፅ ከኋላዋ ተሰማ። በሩ ላይ ወጥታ ወደ ባዶው መንገድ ትጣራለች።

«ካሪቡ እማማ። ይግቡ እንጂ፣ ቤትዎ ነው።»