ሪዝ የተያዘበት አፍንጫ

«አንዲት ቃል ብጨምር ይህን ዓይኔን ያጥፋው!» ሲሉ ማሉ ጋሽ ሽፈራው፣ በዘሪሁን ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተንሰራፍተው።

ቢምሉ አይፈረድባቸውም። ትናንት እዚሁ ቤት፣ ልጃቸው ማህደር የአፍንጫዋን መሐል መበሳት አምሯት ስትፈራ ቢያዩ፣ «እኔ ቀድሜሽ ካልተበሳሁ ዘሪሁን ሪዜን ይላጨው!» ብለው ፎክረዋል። ሪዙ የሠላሳ ዓመት ነው፤ ከስማቸው ይልቅ በሰፈሩ የሚታወቁት በእሱ ነው።

ዛሬ አፍንጫቸው ላይ መዳፍ የሚያክል ፕላስተር ለጥፈዋል። አንድ እግራቸው የቆዳ ጫማ፣ ሌላው የላስቲክ ነጠላ ጫማ አጥልቋል።

«መርፌው የድንኳን ካስማ ያክላል። አፍንጫዬን ሲነካ ተጣመመ! ሁለተኛ አመጡ፣ ተሰበረ። በሦስተኛው ገባ። መርፌውን የያዘችው ልጅ ስታለቅስ እኔ ነኝ ያባበልኳት።»

«ጫማዎስ፣ ጋሼ?» አለ ዘሪሁን ምላጩን እየወለወለ።

«ጣቶቼን ጨበጥ ባደርጋቸው ፈነዳ! ያውም የጣሊያን ቆዳ!»

«እስቲ ቀለበቱን እንየው።»

«ሳምንት ሙሉ ንፋስ አይንካው ተብሏል።»

በሩ ተከፈተና ማህደር ገባች። ከአፍንጫዋ መሐል ቀጭን የብር ቀለበት ይብለጨለጫል። የያዘችውን ፌስታል አባቷ ጭን ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«አባዬ፣» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መርፌውን አይተህ ስትሮጥ የወለቀው ጫማህ ነው። ልጅቷ አንሥታ አስቀምጣልህ ነበር።»

ዘሪሁን የሳሙናውን አረፋ መምታት ጀመረ።