ከጎኗ የበቀለችው

መምህሯ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ፣ «እማዬ፣ ቶሎ ነይ፤ ሊለያዩ ነው» አለች። ምሳ ይዛላት የመጣችው እናቷ ሳህኑን ከቤተ ሙከራው ብልቃጦች መሀል አስቀምጣ አጎነበሰች። ውሃው ውስጥ ሃይድራ የምትባል፣ ክር የምታህል የውሃ እንስሳ ቆማ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ሞተው የተረፈችው እሷ ብቻ ስለነበረች፣ መምህሯ ስትሳሳላት ነው የሰነበተችው። ከጎኗ ያጎነቆለችው ትንሿ ሃይድራ የራሷን እጆች አውጥታ ትወዛወዛለች፤ ከእናቷ ጋር ያያያዛት አንድ ቀጭን ጫፍ ነው።

ጫፉ ለቀቀና ትንሿ ብቻዋን ተንሳፈፈች። «እሰይ! እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች እናት፣ ለሃይድራዋ። «አባቷስ የታለ?»

«አባት የላትም። እናቷ ብቻዋን ከገላዋ ነው ያበቀለቻት» አለች መምህሯ፤ ወዲያውም ከንፈሯን ነከሰች። እነሱ ቤት የአባት ነገር ከተነሳ እናቷ ፊቷን አዙራ ነበር የምትወጣው።

እናት ግን ከማይክሮስኮፑ ቀና አላለችም። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መምህሯ ያለቀሰች መስሏት ደንግጣ ስትጠጋ፣ እናቷ በሳቅ ፍርስ ብላለች። «እኔ እኮ» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «ይህን ያደረግሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እስቲ ዞር በይልኝ፣ ደግሜ ልያት።»