ሁለት ጣት ሙሉ

ልጅቷ አልቢኒዝም ስላለባት ፀሐይ ጠላቷ ናት። የፀሐይ መከላከያው ቅባት ግን ውድ ነው። እናቷ ሁልጊዜ ሽምብራ የምታህል ጨምቃ «አዳርሺው፤ ለቅባት ብዬ ቤቴን ልሽጥልሽ?» ትላት ነበር። ፋርማሲስቷ ያዘዘችው ሌላ ነው፤ ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ፣ ውጭ ከተዋለ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ መድገም።

የታላቅ እህቷ የጥሩወርቅ ሠርግ ዕለት፣ እናቷ ጓዳ አስቀምጣት የራሷን ሁለት ጣቶች ዘረጋችና ቅባቱን ከሥር እስከ ጫፍ ጨመቀችባቸው። ፊቷን፣ ጆሮዋን፣ ማጅራቷን፣ የእጇን ጀርባ ሳይቀር እያሸች ቀባቻት። እንዲህ አድርጋ ዳብሳት አታውቅም። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና አሰበች፤ ከልጃገረዶቹ ጋር በር ላይ ቆሞ ሠርገኛውን አላስገባም ለማለት ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ድንኳን ውስጥ ናት።

«እማ፣ ይበቃል። ይሄ ሁሉ ለምን?»

«ዝም በይ፤ አንገትሽ ይቀራል።»

ከደጅ የመኪና ጥሩምባና እልልታ ተሰማ። ልጅቷ ብድግ ብላ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው አዲስ ቀሚሷ እጇን ስትዘረጋ እናቷ ያዘቻት።

«እሱን የአክስትሽ ልጅ ትለብሰዋለች» አለቻትና የቅባቱን ቱቦ አስጨብጣት የጓሮውን በር ከፈተች። «አማቾቻችን የሚያውቁት አንድ ልጅ እንዳለኝ ነው። ከወንዙ ማዶ ትውያለሽ። በየሁለት ሰዓቱ መቀባቱን እንዳትረሺ።»