ከመርፌው በፊት

አዋላጇ የማስታገሻውን መርፌ ወደ ላይ ቀና አድርጋ አየሩን አስወጣችና፣ «ዛሬ የሚያደነዝዝ ክኒን ወስደሻል?» ብላ ጠየቀች። «ከወሰድሽ ንገሪኝ፤ በላዩ ላይ ይህን ብወጋሽ ያንቺም የልጁም ትንፋሽ ሊቋረጥ ይችላል።»

ምጥ የያዛት ሴት አፏን ሳትከፍት አማቷ ቀደመች። «የኔ ምራት? እሷ እንኳን ክኒን ልትውጥ፣ ራሷን ሲያማት ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ነው የምትተኛው።»

«እማማ፣ ምጡ የእርስዎ ነው እንዴ? እሷ ትናገር።»

ምጥ የያዛት ሴት የአልጋውን ብረት ጨበጠች። ክኒኑን የጀመረችው ለወገቧ ነበር፤ ወገቧ ከተሻላት በኋላም፣ ሆዷ ከገፋ በኋላም መተው አቃታት። አማቷ ሰው ፊት ባመሰገነቻት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። አሁንም ያንን ምስጋና ማጣት ከበዳትና ክንዷን ዘረጋች። አዋላጇ ክንዷን በጥጥ ስትጠርገው ቅዝቃዜው ተሰማት፤ ልጁም ሆዷ ውስጥ ተገላበጠ። ክንዷን መልሳ ሰበሰበች።

«ወስጃለሁ» አለች። «ጠዋት፣ አንድ ብቻ።»

አማቷን ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። አማቷ ግን አልተቆጣችም፤ የሹራቧን ጫፍ እያፍተለተለች ወደ አዋላጇ ዞረች።

«አንድ አይደለም፤ አራት ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጠዋት የክፍሏን በር ከፈት ሳደርግ ስትውጥ አየኋት። ከዚያ ቀስ አድርጌ መልሼ ዘጋሁት።»