ወደ ላይ ብቻ

«ጃንሆይን ሺህ ዓመት ያንግሥልን!» ይላል ዋጋሪ ከመሬት በታች፣ እንደገና። ድምፁ የዳሱ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ይወጣል። «ተሰማ? ወይስ አበላሸሁት? ልድገመው?»

የሚመልስለት ሞልቷል። የማይሰማው እሱ ነው።

ይህ ከነጆ ከተማ ወዲያ ያለ የወርቅ ጉድጓድ ነው። እኔ የነቀምቴ መምህር ነኝ፤ ጉድጓድ ውስጥ ካለ ሰው ጋር የሚያነጋግረው አዲሱ ራዲዮ ሲመረቅ ንግግሩን ወደ ኦሮምኛ እንድመልስ ተጠርቼ መጣሁ። ዋጋሪ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ጃንሆይን አመሰገነ፣ የክብር እንግዳው አጨበጨበና ሄደ። መኪናው ኮረብታውን ሳያልፍ ወንዙ የዋሻውን ጎን ሰብሮ ገባ፤ ዋናው መውጫ ተደረመሰ።

ጓደኛው ጉሉማ ግን ከኮረብታው ማዶ በሚወጣው አሮጌ ዋሻ በኩል አምልጦ፣ ጭቃ እንደለበሰ ዳሱ ሥር ቆሟል።

«ና እንውጣ አልኩት፤ እምቢ አለኝ» ይላል። «ከላይ ሳያዙኝ የመንግሥት ዕቃ ጥዬ አልሄድም አለኝ። ሽቦውን እየዳበሰ ቢመጣ እኮ ይወጣል! አሁንም ይወጣል!»

እውነቱን ነው። የራዲዮ ሞገድ ድንጋይ አይበሳም፤ ድምፁን የሚያወጣው በአሮጌው ዋሻ የተዘረጋው ሽቦ ነው። የሽቦው መንገድ የሰውም መንገድ ነው። ገመድ የያዙ ሰዎች ወደዚያ ሮጠዋል፤ ኮረብታውን እስኪዞሩ ግን ውሃው ይቀድማቸዋል። ዋጋሪን የሚያድነው አንዲት ቃል ናት፦ ውጣ።

«ግራዝማች፣ ውጣ በሉት እንጂ!» እላለሁ።

«እያልኩት አይደለም እንዴ!» የጉድጓዱ ሹም ግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ መነጋገሪያውን ከንፈራቸው ላይ ለጥፈውታል። «ዋጋሪ! ታዘሃል፣ ውጣ! ... አይሰማም። ቁልፉን ሲጫን ይናገራል፤ ካልለቀቀው አይሰማም።»

«ለምን አይለቀውም ታዲያ?»

ዓይናቸውን ከእኔ ያሸሻሉ። «በሲባጎ አስረንለታል፤ ለመስማት መልቀቅ እንዳለበትም አልነገርነውም። እጁ ቢንቀጠቀጥ በእንግዳው ፊት ድምፁ እንዳይቆራረጥ ብለን ነው።»

«እሱስ እንዲሰማ?»

«እሱ ምን የሚሰማው ነገር ነበረ መምህር?»

ከልባቸው ነው የሚጠይቁኝ። ኮሌታቸውን ልይዝ እጄን አነሳሁ፣ መለስኩት። ባሕር ተሻግሮ የመጣ መሣሪያ! ለድሃ ሰጥተው አመስግን አሉት፤ ስማ ያለው የለም።

«ጌቶች ተቆጥተውብኝ ይሆናል» ይላል ማጉያው። «አማርኛዬ ጥሩ አይደለም፤ ይቅርታ። ውሃው ጉልበቴን አልፏል። ልቆይ ወይስ ልውጣ?»

«ውጣ!» ይጮኻል ዳሱ ሥር ያለው ሁሉ።

ሚስቱ ድርቤ እርጥቡ መሬት ላይ ተደፍታለች። «በኢ! ውጣ እኮ ነው የምልህ! አንተ ግትር፣ ቤትም ስጠራህ በአንዴ ሰምተህ አታውቅ!»

ማጉያው ያቃስታል፣ ይተነፍሳል።

«እሺ። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» ይላል ዋጋሪ። «ወገቤ ደርሷል። ራዲዮኑን ከጣሪያው እንጨት ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ አይረጥብም። ይህን ለጌቶች ንገሩልኝ።»

ከዚያ ድምፁ ይለወጣል። በኦሮምኛ ነው የሚናገረው፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልሰማሁት፣ የራሱ ድምፅ።

«ልጆቼ ይደጉ» ይላል።

ሰዉ ባርኔጣውን ያወልቃል። ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም አይባልም። «ሃ ታኡ» ይላሉ፤ ይሁን።

ዋጋሪ መልሱ የሚፈጀውን ያህል ይጠብቃል።

«ዝናቡ ለዘር ይሁን፣ ለጥፋት አይሁን።»

«ሃ ታኡ።»

ይጠብቃል። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማናል።

«ጉሉማ በሰላም ቤቱ ይግባ።»

ጉሉማ በጭቃማ እጁ ፊቱን ሸፈነ። ግራዝማች ናቸው በማያውቁት ቋንቋ ወደ መነጋገሪያው «ሃ ታኡ» ያሉት።

«ድርቤ ...» ይላል።

ሁላችንም ምርቃቱን እንጠብቃለን።

ማጉያው አልዘጋም። ራዲዮኑ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፣ ሲባጎውም ጠብቆ ታስሯል። የሚመጣልን የውሃው ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ የማይቆራረጥ።

ግራዝማች ሊያጠፉት እጃቸውን ይዘረጋሉ። ድርቤ ከመሬት ተነስታ አንጓቸውን ትይዛለች።

«ተዉት ጌታዬ። ገና አልጨረሰም።»

ውሃው ማጉያው ውስጥ ይንቦጫረቃል፣ ጥቂት ዝም ይላል፣ ደግሞ ይንቦጫረቃል። ዝም ባለ ቁጥር ድርቤ ጎንበስ ብላ ትመልስለታለች።

«ሃ ታኡ» ትላለች። «ሃ ታኡ።»