የኦዴል ግራ ጉልበት

አሰልጣኝ ዴል ረስክ ኦዴል ትሪምብልን በደለው፤ አርዲስ ፖምሮይ ደግሞ ከረስክም የባሰ በደለችው። ብሪክተን ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ከቢራ ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወሬው እሱ ብቻ ነበር።

ኦዴል «አንጥረኞቹ» የሚባለው የከተማው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ሯጭ ነበር። ኳሷን በክንዱ ታቅፎ፣ አስራ አንድ ጎረምሳ ሊሰብረው ሲመጣ በመሃላቸው እንደ ዓሣ ይሾልካል። ረስክ ለሌላ ሰው ኳስ መስጠት ረሳ። በአንድ ጨዋታ አርባ ጊዜ ያሸክመዋል፤ አርባ ጊዜ ይረገጣል፤ አርባ ጊዜ ይነሳል።

አርዲስ የተጫዋቾቹን ቁርጭምጭሚትና ጉልበት በፋሻ የምታስር ሴት ናት፤ ሃያ ዓመት ሠርታበታለች። ባሏ ቨርንም ድሮ የረስክ ሯጭ ነበር፤ እሱንም አርባ ጊዜ ያሸክመው ነበር። አሁን ባርኔጣውን ደፍቶ ሜዳ ዳር ይቀመጥና በየአሥር ደቂቃው «ስንት ለስንት ነን?» ይላል፤ ልምምድ ቢሆንም ይጠይቃል። ደረጃ መውጣት ስለማይችል አዝሎ ወደ መቀመጫው የሚያወጣው ኦዴል ነበር፤ ጨዋታ ባለበትም በሌለበትም፣ ክረምት ከበጋ።

በመጋቢት ኦዴል ማነከስ ጀመረ። አርዲስ ግራ ጉልበቱን ሁለት ሳምንት ጠቀለለችው፤ ከዚያ የረስክን ቢሮ አንኳኳች።

«ይህ ጉልበት ከርሞን አያይም፣ ኮች። ሌሎቹ ሳይነቁ ሽጠው።»

ጸሐፊዋ ሰምታለች። እስከ ሽያጩ ቀን አፏን ያዘች፤ በማግስቱ ለቀቀችው።

ኦዴል ከወንዙ ማዶ ላለ ቡድን በሁለት ጀማሪ ሯጮች ተለወጠ። ማንንም ደህና ሁኑ አላለም። ሁለት ሻንጣ አንጠልጥሎ ወደ አውቶቡሱ በሩጫ ሄደ። እንባውን እንዳያዩበት ነው አሉ።

አዲሶቹ ሯጮች ስማቸው እንኳ ሳይለመድ አለቁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛው ሦስት ጥርሱን አጣ፤ የሁለተኛው መንጋጋ በሽቦ ታሰረ። ያውም በገዛ ቡድናቸው ልምምድ ላይ። ረስክ የቀሩትን ሰበሰበና እንዲህ አለ፦

«እኛ ሯጭ ከሌለን እነሱም አይኖራቸውም።»

ከዚያ ወዲያ አንጥረኞቹ ሌላ ቡድን ሆኑ። ድሮ ዘፈን የማይጠፋበት ልብስ መቀየሪያ አሁን ደም የተፋ የሚሞገስበት ሆነ። ንጉሣቸው ስታን ኩባክ ነው፤ መቶ ሰላሳ ኪሎ፣ ከብረት ማቅለጫው የመጣ፣ አንገት ሳይሠራለት የቀረ ሰው። በሰባት ጨዋታ ስድስት የተጋጣሚ ሯጮች በቃሬዛ ወጡ። የአንዱ ጭን ሲሰበር ድምፁ ላይኛው መቀመጫ ድረስ ተሰማ። ከተማው መጀመሪያ አፈረ። ድሉ ሲደጋገም እፍረቱ ለቀቀው፤ መዝሙር መሪዋ ሳትቀር «ስበረው! ስበረው!» ትል ጀመር።

ስምንተኛው ጨዋታ ከኦዴል ቡድን ጋር ነበር።

ዓርብ ዕለት ረስክ አርዲስን በተጫዋቾቹ መሃል አቆማት።

«ስታን፣ እግርህን ዘርጋ። አርዲ፣ የቱ ጋ እንደሆነ አሳዪያቸው።»

አርዲስ እስኪብርቶ አወጣች።

«ኦዴል ሁለተኛዋ እናቴ ናት ይልሽ አልነበር እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አፍህን ዘግተህ ዓይንህን ክፈት» አለችው። በስታን ግራ ጉልበት ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ መስቀል አሰመረች። «እዚህ ጋ። ሁላችሁም ዝቅ በሉ፤ በራስ ቁራችሁ ግቡበት። ሌላ ቦታ አትድከሙ።»

ስታን በሳቅ ፈነዳ። «አንቺን የመሰለች እናት ያለችው ሰው፣ ጠላት ምን ያደርግለታል!»

ኦዴልን የሚወዱ ጥቂት ሰዎች ቀርተው ነበርና ቅዳሜ ጠዋት የሳሎኗ መስኮት በድንጋይ ደቀቀ። አርዲስ ስብርባሪውን ጠርጋ ጣለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

እሁድ ኦዴል እያነከሰ ሜዳ ገባ። ግራ ጉልበቱ ላይ ያለው ነጭ ፋሻ እንደ ትራስ አብጦ ከሩቅ ይታያል።

ገና በመጀመሪያው ኳስ ስታን ጎንበስ ብሎ ተወረወረ። ኦዴል ዘለለው። በሁለተኛው ሦስቱ ተወረወሩ፤ በላያቸው አለፈ። በሦስተኛው ሁለት አንጥረኞች ያቺን ጉልበት ከግራና ከቀኝ ሲፈልጉ እርስ በርስ ተጋጩና የአንዱ አፍንጫ ጉንጩ ላይ ተኛ። ሁሉም ዝቅ ብለው ስለሚመጡ ላይ ላዩን የሚይዘው አልነበረም። ሣሩ በደም ቀላ፤ ደሙ ግን የአንጥረኞቹ ነበር።

«ኦዴል ዛሬ አይጫወትም እንዴ?» አለ ቨርን።

«ይጫወታል፣ ቨርን። ለነሱ ነው» አለው ጎረቤቱ።

«ጎሽ!» አለ ቨርን።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ስታን አገኘው። ከሩቅ ተንደርድሮ ራስ ቁሩንና ትከሻውን አርዲስ ያሳየችው ቦታ ላይ አሳረፈ። አጥንት ጮኸ። ሁለቱም ወደቁ። «ስበረው!» ሲል የነበረው ሕዝብ አንገቱን አሰገገ።

ኦዴል ተነሳ። ስታን አልተነሳም፤ የትከሻው አጥንት ቆዳውን በስቶ ወጥቶ ነበር።

አርባ አንድ ለስድስት።

ረስክ ወደ ፋሻ ክፍሉ ሲገባ ባልዲውን በእርግጫ መታው። ስታን ጠረጴዛው ላይ ያቃስታል። አርዲስ ማሊያውን በመቀስ እየቀደደችለት ነው። ከኋላዋ ባለው መስኮት ኦዴል ቨርንን አዝሎ ደረጃውን ሲወርድ ይታያል።

«ከርሞን አያይም ያልሽኝ አንቺ ነሽ!» ጮኸ ረስክ። «በአንቺ ቃል ነው የሸጥኩት! በዚያ ምት ፈረስ እንኳ አይነሳም! ምን ዓይነት ጉልበት ነው ይሄ?»

አርዲስ መቀሱን አስቀመጠች።

«ያ ጉልበት አንድ ቀንም ታሞ አያውቅም፣ ኮች።»